ከኩሽናው ጀርባ ያለችው እልፍኝ

በመጀመሪያ በደሉን ልናገር፤ ትዝታው ይደርሳል። በስቶክሆልም መሀል ከተማ ሰዎች «እንግሊዙ ቤት» ስለሚሉት ቀይ የጡብ ቤት ታሪክ አንዲት ቀጭን መጽሔት ታትማለች። በዚያች መጽሔት፣ አንድ መሐንዲስ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስለኖረበት ዘመን በሚናገረው ገጽ ላይ፣ «ከኩሽናው ጀርባ ያለችው ትንሽ ክፍል በእነዚያ ዓመታት ሰው አልነበረባትም፤ የዕቃ ማስቀመጫ ነበረች» ተብሎ ተጽፏል። ይህ ሐሰት ነው። በእነዚያ ዓመታት በዚያች ክፍል ውስጥ እናቴና እኔ ነበርን። ሰባት ዓመት ተኝተንባታል፣ ታመንባታል፣ ጸልየንባታል፤ እኔ ፊደል የጨረስኩት እዚያ ነው። ዕቃ ማስቀመጫ እንዳትሆን ደግሞ እናቴ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ አፍ አውጥታ ተሟግታለች። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ብተው ይህችን አንዲት መስመር ዝም ብዬ አላልፋትም። የተማርኩት እስከ ዘጠነኛ ክፍል ነው፤ እሱም ቢሆን ሐሰትን ከእውነት ለመለየት ይበቃል።

መጽሔቷን ያገኘኋት ሳልፈልጋት ነው። ባለፈው መጋቢት የልጅ ልጄ ሊያ የምትገዛው ቤት እያፈላለገች ነበርና አንድ እሑድ አብሬያት እንድሄድ ለመነችኝ። ስዊድኖች «ቪስኒንግ» ይሉታል፤ የሚሸጠው ቤት በር ለግማሽ ሰዓት ይከፈትና የማይተዋወቀው ሰው ሁሉ ጫማውን እያወለቀ ገብቶ የሌላውን ሰው መኝታ ቤት ይመረምራል። ሊያ አድራሻውን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። ከሰፈራችን ከዩልስታ በባቡር ስንወርድ እንደ ልማዳችን እሷ በስዊድንኛ እኔ በአማርኛ ስናወራ ቆይተን፣ ወርደን፣ ጥጉን ስንታጠፍ ቤቱ ፊት ለፊቴ ቆሞ አገኘሁት። እውነቱን ለመናገር ማየቱ ብቻውን ምንም አላደረገኝም፤ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ በአውቶቡስ አልፌበት አውቃለሁ። ከባዱ በር ተከፍቶ የደረጃው ሽታ ሲመጣ ግን መቃኑን ይዤ ቆምኩ። የሶፓ ሽታ ነው። ሶፓ እዚህ አገር የእንጨት ወለል የሚታጠብበት ለስላሳ ቢጫ ሳሙና ነው፤ የጥድ ሽታ አለው፣ የዘይት ሽታ አለው፣ ከእርጥብ እንጨት ጋር ሲቀላቀል ደግሞ የእናቴ እጅ ሽታ ይሆናል። ሊያ ክንዴን ይዛ ምን ሆነሽ አለችኝ። ደረጃው ነው አልኳት፤ አልዋሸሁም።

ላይ ወጣን። አንድ ሽክ ያለ ደላላ በነጭ ካልሲው እየተንሸራተተ ተቀበለን። ኩሽናውን አሳየን፣ ሳሎኑን አሳየን፣ ከኩሽናው ጀርባ ያለውን ተንሸራታች በር ገፍቶ ደግሞ ይሄ የልብስ ማስቀመጫ ነው አለን፤ ከላይ እስከ ታች መደርደሪያና ትናንሽ መብራቶች። ሊያ አንገቷን አስግጋ አየችና ለልብስ እንኳ ጠበበ አለች። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችውን የቤቱን ታሪክ ያነሳችው ራሷ ሊያ ናት፤ ያንን ገጽ ጮክ ብላ ያነበበችውም እሷ ናት። ድገሚው አልኳት። ደገመችው።

ቤቱን ያሠራው፣ እንደሚባለው፣ በእንጨት ንግድ የከበረ ሰው ነው። በወጣትነቱ ለንደን ኖሮ ሲመለስ የዚያን አገር ቤት በዓይነ ልቡናው ይዞ መጣና፣ ሰፋፊ የስዊድን ሕንፃዎች በተደረደሩበት መንገድ ላይ ይህን ጠባብና ረጅም ቤት ሰካው፤ በሁለት ወፍራም ሰዎች መሀል ትከሻውን ሰብስቦ የተቀመጠ ቀጭን ሰው ይመስላል። ቀይ ጡብ ነው፤ ከመንገዱ ወደ በሩ የሚያወጡ አምስት የድንጋይ ደረጃዎች አሉት፣ ከመሬት ዝቅ ብሎ የተቆፈረ ምድር ቤት አለው፣ ወደ መንገዱ ሆዱን የነፋ መስኮት አለው። አንድ ቤተሰብ ብቻ እንዲኖርበት ስለተሠራ ሰውየው ኑሮውን የዘረጋው ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ ነው፤ ታች ኩሽና፣ ከሱ በላይ መመገቢያ፣ ከሱ በላይ የእንግዳ ሳሎን፣ ከሱ በላይ መኝታ ቤቶች፣ ጣሪያው ሥር ደግሞ ሠራተኞቹ። ይህን ሁሉ እንደ ክር የሚሰፋው ደረጃው ነው። ከጣሪያው ላይ የመስተዋት ጉልላት ስላለው ብርሃኑ ከላይ ይፈስሳል፤ በክረምቱ ወራት ፀሐይ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ብቅ በምትልበት ጊዜ እንኳ ያ ብርሃን እንደ ቀዘቀዘ ወተት በደረጃው መደገፊያ ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ አየው ነበር።

በኋላ ሀብቱ አለቀና ወራሾቹ ቤቱን በየፎቁ ከፋፈሉት። አንዱ ቤት አምስት ቤት ይሁን ሲባል ለእያንዳንዱ ኩሽና ያስፈልጋል፣ መታጠቢያ ያስፈልጋል፣ መተላለፊያ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ግንበኞቹ ግድግዳውን ያቆሙት በተመቻቸው ቦታ እንጂ ኮርኒሱን አማክረው አይደለም። በዚህ የተነሳ ያ ቤት ግማሽ ግማሽ በሆኑ ነገሮች የተሞላ ነበር። ተከፍቶ ከጡብ ጋር የሚፋጠጥ በር ነበረ። ግማሹ ለመታጠቢያው ግማሹ ለመተላለፊያው የደረሰ መስኮት ነበረ፤ እኔ መተላለፊያው ላይ ቆሜ የቤቱ እመቤት መታጠቢያ ቤት ውስጥ መብራት ሲያበሩ የኔም ፊት ይበራል። ከምድር ቤት ምግብ በገመድ ወደ ላይ ይጎተትበት የነበረው ቀዳዳ ትንሽ የእንጨት መዝጊያ በምስማር ተመትቶ ነበር፤ ጆሮዬን ስለጥፍበት ግን የአምስቱም ቤት ድምፅ ተቀላቅሎ ይመጣል፤ ከታች ሬዲዮ፣ ከላይ ፒያኖ፣ ከመሀል ሳህን የሚያጥብ ሰው። በልጅነቴ ቤቱ ራሱ ተኝቶ የሚያልም፣ እኛም የሕልሙ ውስጥ ሰዎች የሆንን ይመስለኝ ነበር። አንዳንዴ አሁንም እንደዚያ ይመስለኛል።

እዚያ የገባሁት በስምንት ዓመቴ ነው። እናቴ አዲስ አበባ ሳለች በአንድ የስዊድን መሐንዲስ ቤት ትሠራ ነበር። አባቴ ሞቶ ነበር። መሐንዲሱና ሚስቱ ወደ አገራቸው ሲመለሱ እናቴን አብራቸው እንድትሄድ ጠየቋት፤ እሷም ልጄን ትቼ አልሄድም አለች፤ እነሱም ልጅቷም ትምጣ አሉ። ሚስትየዋን «ማዳም» ነበር የምንላቸው። መጥፎ ሰው አልነበሩም። ይህን የምጽፈው ለእውነት ስል ነው፤ የተበደልኩትን እንደምናገር ሁሉ ያልተበደልኩትን አልጨምርም። አዲስ አበባ ስድስት ዓመት ኖረው ከአማርኛ የያዙት «ውሃ»፣ «ነገ» እና «እሺ» የሚሉትን ብቻ ነበር፤ እናቴም ከስዊድንኛ የያዘችው ከዚያ ብዙም አይበልጥም። በነዚህ ጥቂት ቃላት ሁለቱ ሴቶች ዓመታት ሳይጣሉ ኖረዋል፤ ምናልባት ቃል ስላነሳቸው ይሆናል።

ክፍላችን እጆቼን ስዘረጋ ሁለቱን ግድግዳ የምነካባት ነበረች። የእናቴ የብረት አልጋ፣ ከሥሩ ተስቦ የሚወጣ የኔ ፍራሽ፣ አንዲት ጠረጴዛ፣ ወደ ጓሮው የምታይ አንዲት መስኮት። ግን ኮርኒሷ የንጉሥ ነበር። የድሮው ሳሎን ሲከፋፈል የጀሶው ጌጥ ከፊሉ እኛ ዘንድ ቀርቶ ነበርና፣ በአንደኛው ግድግዳ በኩል የወይን ሐረግ ከነቅጠሉና ከነዘለላው እየተጠማዘዘ ይሄድና፣ አዲሱ ግድግዳ ላይ ሲደርስ አንዱ ዘለላ መሀሉ ላይ ተቆርጦ ይቀራል። ማታ ማታ ፍራሼ ላይ ተንጋልዬ የጎደለውን ግማሽ በሐሳቤ እጨርሰው ነበር። ሌላው ግማሽ ኩሽናው ውስጥ ከምድጃው በላይ ነበር፤ ጭስ ጠግቦ እውነተኛ ወይን እስኪመስል ጠቁሯል።

እናቴ በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ብዙ አታወራም ነበር። ሥራው አላስጨነቃትም፣ ብርዱንም ቻለችው። ያልቻለችው ቤተ ክርስቲያን ማጣቱን ነው። እዚህ አገር ያኔ የኛ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም፤ ያገሬው ቤተ ክርስቲያን በራችን ላይ ቢኖርም እናቴ አንድ ቀን ገብታ ሰዎቹ ከነጫማቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ስታይ ቀስ ብላ ወጣች። በወሩ በሃያ አንድ የማርያም ዕለት መስኮቱ ጋ ቆማ ወደ ጓሮው ስታይ ትውላለች። እኔ በዚያን ጊዜ የምፈራው እንዳትጠፋብኝ ነበር፤ አጠገቤ ተቀምጣ ሳለ ማለቴ ነው።

ነገሩን የለወጠው የኔ ስሕተት ነው። መሐንዲሱ የሥዕልና የፕላን ፍቅር ነበራቸውና፣ ቤቱ በየፎቁ ሲከፋፈል የተነሣውን የፎቃችንን ፕላን መስተዋት አስገብተው መተላለፊያው ላይ ሰቅለውት ነበር። በየክፍሉ ላይ ስሙ በቀጭን ጽሕፈት ተጽፏል። እኔ ስዊድንኛ ማንበብ እንደጀመርኩ እናቴ ድንች ስትልጥ አጠገቧ ቆሜ እያንዳንዱን ስም አነብላት ነበር፤ ሳሎን፣ መኝታ፣ ኩሽና እያልኩ።

«የኛ ምን ይላል?» አለችኝ።

የኛ «ዩንግፍሩካማሬ» ይላል። ካማሬ ትንሽ ክፍል እንደሆነ አውቃለሁ። ዩንግፍሩ የሚለውንም አውቃለሁ፤ የገና ሰሞን ትምህርት ቤት ውስጥ መዝሙር ስንለማመድ መምህሯ ሕፃኑን ያቀፈችውን እያሳየች «ዩንግፍሩ ማሪያ» ብላን ነበር። ድንግል ማርያም ማለት ነው። እና ምንም ሳላመነታ፣ የድንግል ክፍል ይላል አልኳት።

እናቴ ቢላዋውን አስቀመጠች። እጇን ታጠበች፣ አደረቀች፣ ወደ ፕላኑ ሄደች። ማንበብ የማትችለውን ያንን ጽሑፍ በጣቷ ሳትነካው ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ ክፍላችን ሄዳ ደጃፉ ላይ ቆመች፤ በዚያ ቤት ጫማ የሚወለቀው ዋናው በር ላይ ስለሆነ የሚወልቅ ጫማ እግሯ ላይ አልነበረም፤ ጎንበስ ብላ ካልሲዋን አወለቀች።

«ሳናውቀው ቤቷ አስገብታናለች» አለችኝ። «ሰዎቹ ሲሠሩት ስሟን ሰጥተውታል፤ በኋላ ረስተውት ነው።»

እኔ ክፍል ነበር ያልኳት፤ እልፍኝ ያለቻት እሷ ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ቦታ የድንግል እልፍኝ ሆነ። እኛም ካልሲያችንን እያወለቅን በባዶ እግራችን እንገባ ነበር፤ በጥር ወለሉ እንደ በረዶ ይነድፋል፤ እኔ ከደጃፉ እስከ ፍራሼ በሁለት ዝላይ መድረስን ተማርኩ። በሃያ አንድ በሃያ አንድ እናቴ ወለሉን በሶፓ ታጥብና ጠረጴዛዋ ላይ ነጠላዋን አንጥፋ የጸሎት መጽሐፏን ታስቀምጣለች፤ እሷ በቃሏ የምታውቀውን እኔ በጣቴ እየተከተልኩ ነው ፊደሉን ያጠናሁት። አንድ ክረምት መሐንዲሱ ማሞቂያችንን ሊጠግኑ መጡ። እናቴ ምንም አላለቻቸውም፤ ደጃፉ ላይ ቆማ ካልሲያቸውን ብቻ ታያለች። አይተው አይተው፣ ቀዳዳ ያለው መስሏቸው ይመስለኛል፣ ቀዩና ትልቁ ሰውዬ አጎንብሰው አወለቁት። በባዶ እግራቸው ተንበርክከው ማሞቂያውን ሲፈቱ እናቴን በደስታ ፊቷ በርቶ አየኋት። እንደገና ማውራት ጀመረች። እንጉርጉሮም ጀመረች። ማዳም ምን አገኘች ብለው ጠየቁኝ፤ ብርዱን ለመደችው አልኳቸው።

እውነቱን ያወቅሁት በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። መምህሩ ስለ ድሮ ኑሮ ሲያስተምሩ በከተማው ቤቶች ውስጥ ከኩሽና ጀርባ ዩንግፍሩካማሬ የምትባል ጠባብ ክፍል እንደነበረች፣ ዩንግፍሩ ማለትም ያላገባች ልጃገረድ፣ በኋላም የቤት ሠራተኛ ማለት እንደሆነ ነገሩን። የገረድ ክፍል። ልጆቹ ሁሉ ወደ ሰሌዳው ሲያዩ እኔ ወደ ጠረጴዛዬ አየሁ። ጆሮዬ ሲግል ትዝ ይለኛል። በዚያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ እነግራታለሁ ብዬ ነበር፤ ደረጃውን ስወጣ እነግራታለሁ አልኩ፤ ደጃፉ ላይ ካልሲዬን ሳወልቅ ግን አልነግራትም አልኩ። ለእውነት የምከራከር ሰው ነኝ እያልኩ ይህን መደበቄን የሚወቅሰኝ ካለ ይውቀሰኝ። ያንን ፕላን የሠራው ሰው እንደ እናቴ ያለችውን ለማዋረድ አስቦ የጻፈው ከሆነ እሷ ክብር አድርጋ ተቀብላዋለች፤ እኔ በየትኛው ሥልጣን ነው ወደ ውርደት የምመልሰው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። በቀጣዩ ዓመት መኸር ላይ የሰገነቱ ጣሪያ ይታደስ ተብሎ በዚያ የተከማቸው የየቤቱ ዕቃ ይውረድ ተባለ። እሑድ ከሰዓት እናቴና እኔ ከሐይቁ ዳር ተንሸራሽረን ስንመለስ አልጋችን ላይ ሁለት ጥንድ ስኪ፣ በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ረጅም እንጨት፣ ተጋድሟል፤ አቧራ መሳቢያ ማሽኑ ጠረጴዛዋ ላይ ጉብ ብሏል፤ የካውያ ጠረጴዛው መስኮቱን ሸፍኗል፤ አንድ የበጋ ልብስ ሣጥን የኔን ፍራሽ መሳቢያ ዘግቷል። እናቴ ደጃፉ ላይ ካልሲዋን በእጇ እንደያዘች ቆመች። ከዚያ ደግማ አጠለቀችውና በዚያ ቤት ዘመኗን ሙሉ ሳትጠራ ረግጣው ወደማታውቀው ሳሎን ሄደች። እኔ ላስተረጉም ተከተልኳት። አንቺ ዝም በይ አለችኝ።

ማዳም መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ያነብባሉ። እናቴ ከፊታቸው ቆማ፣ እጇን እንደ ልማዷ ሳታጣምር፣ በዚያች ጥቂት ስዊድንኛዋ አንድ በአንድ እየለየች ተናገረች።

«ማዳም፣ ስኪ አይሆንም። ክፍሉ የዩንግፍሩ ነው።»

ማዳም መጽሐፉን አጠፉ። አንገታቸው ቀላ፤ መቅላቱ ወደ ጉንጫቸው ሲወጣ አየሁት። እኔ በሁለቱ መሀል ቆሜ ነበር፤ በዚያ ቤት ውስጥ፣ ምናልባትም በዚያ ከተማ ውስጥ፣ የዚያችን ቃል ሁለቱንም ድምፅ የምሰማ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቴ የተናገረችው ስለ እመቤታችን ነው። ማዳም የሰሙት ስለ ሠራተኛይቱ ነው፤ ያቺ ድምፅ የሌላት ሴት መብቴን ስትል ሰሙ።

«ልክ ነሽ» አሉ ማዳም። «ክፍሉ የዩንግፍሩ ነው። ሌላ ዕቃ ሊገባበት አይገባም ነበር። አፈርኩ።»

ተነሥተው ራሳቸው ስኪውን ተሸከሙት። አራት ጊዜ ተመላልሰው ዕቃውን ሁሉ አወጡት፤ እናቴ ልታግዝ ስትል በእጃቸው ከለከሏት። ያን ክረምት ሙሉ ስኪው ከመሐንዲሱ አልጋ ኋላ ተደግፎ ከረመ፤ ጠዋት ጠዋት ጣታቸውን ሲመታቸው የሚያወጡት ድምፅ ኩሽና ድረስ ይሰማን ነበር። እናቴ ያንን ስትሰማ ራሷን እየነቀነቀች፣ «አየሽ? ይሄ ሕዝብ ፈሪሀ እግዚአብሔር አለው፤ የሚያስታውሰው ሰው ብቻ ነው የሚፈልገው» ትለኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ እኛ እስክንወጣ ድረስ ያቺ ክፍል የማንንም ዕቃ አልያዘችም። መጥረጊያ እንኳ።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ መሐንዲሱ ጡረታ ወጡና ወደ ገጠር ሄዱ። እናቴ ሁዲንጌ ሆስፒታል ኩሽና ውስጥ ሥራ አገኘች፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ሶለንቱና በሚባል ሰፈር ሁለት ክፍል ያለው ቤት ተሰጠን፤ ዘጠነኛን ስጨርስ እኔም ሥራ ገባሁ። የወጣን ቀን እናቴ የበሩን መቃን ሳመች። በአዲሱ ቤት ለብዙ ሳምንት እጄን ዘርግቼ ግድግዳ ሳጣ እነቃ ነበር። ዓመታት አልፈው የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ሲከፈት እናቴ ከቀዳሚዎቹ ምእመናን አንዷ ሆነች፤ ሰዎች ያኔ ቤተ ክርስቲያን ሳይኖር እንዴት ቻልሽው ሲሏት፣ ነበረን እኮ ትላቸዋለች፤ እነሱ አርጅታለች ብለው ዝም ይላሉ። የቃሉን እውነተኛ ፍቺ ልነግራት ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ነበር። ሁለት ጊዜም ዘጋሁት። ከሞተች ሰባት ዓመቷ ነው።

የጠፋውን ስለካው ብዙ ነው። የኮርኒሱ የወይን ሐረግ በነጭ ሰሌዳ ተሸፍኗል። ማዳምም መሐንዲሱም የሉም፤ ፕላኑ የት እንደደረሰ አላውቅም። ያ በየግድግዳው የሚዞር ድምፅ የለም፤ ሰው ሁሉ የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ብቻውን ይሰማል። ከዚያ ዘመን በሕይወት የቀረሁት እኔ ነኝ፤ እኔም ስሄድ ያቺ አንዲት መስመር ብቻ ትቀራለች፤ «ሰው አልነበረባትም» የምትለው።

ሊያ ቤቱን አልወደደችውም። እኔ ግን ለቤቱ ነዋሪዎች ማኅበር ደብዳቤ ጻፍኩ። ሊያ ስዊድንኛዬን አርማ፣ እግረ መንገዷንም ልታለዝበው ሞከረች፤ «ሐሰት» ያልኩትን «አለመግባባት» አድርጋ አገኘሁትና መለስኩት። ከአንድ ወር በኋላ መልስ መጣ። መጽሔቷ የተዘጋጀችው ከኪራይ ውል መዝገብ እንደሆነ፣ በመዝገቡ ላይ እናቴ እንደሌለች፣ ለላክሁት ደስ የሚል ትዝታ ግን እንደሚያመሰግኑኝ ይላል። ደስ እንዲላችሁ አልጻፍኩም ብዬ ደግሜ ጻፍኩ። በሦስተኛው ደብዳቤ በዓመታዊ ስብሰባቸው ላይ አምስት ደቂቃ እንድናገር ጠሩኝ።

ቅዳሜ ቀን ነበር፤ ምድር ቤት፣ የእንጨት ነጋዴው የጥንት ኩሽና በነበረው አዳራሽ ውስጥ። አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች የቀረፋ ዳቦ እየበሉ ተቀምጠዋል። ሊያ ከጎኔ ሆና ክንዴን ትነካካለች፤ «ሞርሞር፣ ስኔላ» ትለኛለች፤ አያቴ፣ እባክሽ ማለቷ ነው። ሰብሳቢው ረጅም፣ ጨዋ፣ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ መጽሔቷንም የጻፏት ራሳቸው ናቸው። ስዊድንኛ አንቱታ ስለሌለው ሁሉም «ዱ» እያሉ ነው የሚያናግሩኝ፤ እኔም እንደዚያው መለስኩላቸው። እናቴ እዚያ እንደኖረች፣ ክፍሏ ዕቃ ማስቀመጫ ልትደረግ አንድ ጊዜ እንደተሞከረ፣ እናቴም ሳሎን ድረስ ሄዳ እንደከለከለች ነገርኳቸው። ስለ ድንግል አልነገርኳቸውም። ያ የእናቴ ነው።

አንዲት ሴትዮ በትሕትና፣ ነገሩ በአንድ ትንሽ መጽሔት ውስጥ ያለች አንዲት መስመር ብቻ መሆኗን አስታወሰችኝ።

«አንዲት መስመር ከሆነች ለማረም አትከብድም» አልኳት።

ከኋላ አንድ ጎልማሳ የሚያረጋግጥ ወረቀት እንዳለኝ ጠየቀኝ። ዞር ብዬ አየሁት።

«አንተ ትናንት የት እንዳደርክ ወረቀት አለህ?» አልኩት። ሰዉ ሳቀ፤ ሚስቱ ከሁሉም አብዝታ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። እናቴ በዚህ ቤት ውስጥ ሰባት ዓመት ወለል ስታጥብ ማንም ወረቀት አልጠየቃትም ነበር አልኩና ተቀመጥኩ። አምስት ደቂቃዬን አልጨረስኩትም።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አደረጉ። የራሳቸውን መጽሔት ገለጡ፣ ገጹን አገኙ፣ ከኪሳቸው ብዕር አወጡ። በዚያች መስመር ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቀጥ ያለ ሰረዝ አሰመሩ፤ የራስን ጽሑፍ መሰረዝ ለሰው ቀላል እንዳልሆነ ከእጃቸው አየሁ። ከዚያ ከሰረዙ በላይ ባለው ነጭ ቦታ ላይ ብዕሩን እንደደገኑ ቀና ብለው የእናቴን ስም ጠየቁኝ። በዚያ ቤት ውስጥ ከነአባቷ ስም ተጠርታ ሰምቼ አላውቅም። ቆምኩና ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ነገርኳቸው።

«ቀስ በይልኝ» አሉኝ። «እንዴት ነው የሚጻፈው?»